መርዶ በሦስተኛው ገቢር

ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 4 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለመምህር ታምራት
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የመምህርት ጽጌ እናት ፈንታነሽ ነኝ። መጋቢት 26 ቀን የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው ንቄዎት አይደለም። ምክንያቱን አንድ ቀን እነግርዎት ይሆናል፤ ላልነግርዎትም እችላለሁ። ደግሞም ስጽፍ ቀስ ብዬ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሆን፣ ከዚያ በማታ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። አንዲት ገጽ አንድ ከሰዓት ሙሉ ትፈጅብኛለች። ስለዚህ የማያስፈልግ ነገር አልጽፍም።

ስላጽናኑኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ከልጅዎ ጋር አምስት ዓመት አንድ ቢሮ ተጋርተናል» ያሉትን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በሦስት ቀን ሕመም ስትሄድ እኔ ሳላያት ስለቀረሁ፣ ባዩዋት ሰዎች ሁሉ እቀናለሁ። በእርስዎም ቀንቻለሁ።

የጠየቁኝ ደብተር እኔ ጋ ነው። አዲስ አበባ ያስታመማትና የቀበራት ወንድሜ እሸቴ፣ ሣጥኗን ባለፈው ሳምንት ይዞልኝ መጣ። ደብተሩ ቀይ ልባስ አለው፤ ላዩ ላይ «ሜሎድራማ፣ ሦስተኛ ዓመት» ይላል። ነገር ግን አልልከውም። በፖስታም አልልከውም፣ በሰውም አልልከውም። ከውስጡ የምትፈልጉት ካለ ይንገሩኝና በእጄ ገልብጬ እልካለሁ።

አሁን እኔ ልጠይቅዎት። ልጄ ታስተምረው የነበረውን «ዘመኑ ያለፈበት፣ ለቅሶና ጩኸት የበዛበት ቲያትር» ብለውታል። ስለዚህም ተማሪዎቿ የጀመሩት ጨዋታ ቀርቶ የጽሑፍ ፈተና ይወስዳሉ ብለዋል። ሜሎድራማ ምንድን ነው? ለስድስተኛ ክፍል እንደሚያስረዱ አድርገው ያስረዱኝ። ጽጌን ምን እንደምታስተምር ስጠይቃት «ማልቀስ ነው የማስተምረው እማዬ» ትለኝ ነበር። እኔም ቀልድ መስሎኝ «ለዚህማ ደመወዝ ከሚከፍሉሽ እዚህ መጥተው በነፃ አይማሩም?» እላት ነበር። እየሳቅን ሳይገባኝ ቀረ።

ሁለተኛው ጥያቄ ፈተናውን ማን ወሰነው የሚል ነው። እኔ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ተላላኪና ደወል ደዋይ ሆኜ ሠርቻለሁ። መምህሩ ቢታመም፣ ቢሞትም እንኳ፣ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ደውዬ አላውቅም።

ፈንታነሽ



አዲስ አበባ፣ ግንቦት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ፈንታነሽ

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ ለመስጠት ስላፈርኩ ሦስት ቀን ቆየሁ። ፈተናውን የወሰነው የትምህርት ክፍላችን ኮሚቴ ነው። እኔ አንዱ አባል ነኝ፤ እጄንም አውጥቻለሁ። ከጽጌ በኋላ ክፍሏን እንድረከብ የተመደብኩትም እኔ ነኝ።

ሜሎድራማ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ፓሪስና ለንደን ውስጥ የተስፋፋ የመድረክ ጨዋታ ነው። ተመልካቹ ከአብዮትና ከጦርነት የወጣ ሕዝብ ነበር፤ ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። ተዋናዩ ሲናገር ከሥሩ ሙዚቃ ይመታል። ክፉው ሰው ገና ከበሩ ሲገባ በሙዚቃው ይታወቃል። አንድ ንጹሕ ሰው ይበደላል። እውነቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ መናገር የማይችል ሰው ስለሆነ፣ በእጁና በፊቱ ሊያስረዳ ይታገላል። በመጨረሻ የተሸሸገው ሁሉ ይገለጣል፤ ሰው ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ ይወድቃል። የተማሩት በዚያን ጊዜም ስቀውበታል። እውነቱን ልንገርዎትና እኔም ከሚስቁት ወገን ነኝ። ጽጌ ግን «ታምራት፣ ሰው ሲያለቅስ አንተ መስኮት መስኮት የምታየው ለምንድን ነው?» ትለኝ ነበር።

ተማሪዎቿ አሥራ አንድ ናቸው። ከእሷ ጋር ሆነው በዚያ ዘይቤ የራሳቸውን ተውኔት እየጻፉ ነበር። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ አንድ ልጇ ሩቅ አገር ለሥራ ሄዷል። መሬቷን የሚመኝ ምስለኔ ልጇ መሞቱን ሰምቶ፣ ወረቀት እስክትፈርምለት ድረስ ይደብቅባታል። ምስጢሩን የምታውቅ ሌላዋ ሰው መናገር የማትችል ገረድ ናት። ሁለቱ ገቢሮች በተማሪዎቹ እጅ አሉ። ሦስተኛው ገቢር፣ መርዶው ያለበት፣ በጽጌ ደብተር ብቻ ነው የተጻፈው። ስድሳው ነጥብ በክፍል ሥራ ተሰጥቷል፤ የቀረው አርባው የመድረኩ ነበር።

አሥራ አንዱም ፈተናውን እምቢ ብለዋል። እናቲቱን የምትጫወተው ዘይነብ ኢድሪስ የምትባል ልጅ ናት። «ከወደቅን ሁላችንም እንውደቅ፤ መውደቅን እንደሆነ መምህርት ጽጌ በደንብ አስተምራናለች» አለችኝ። አላሳቀኝም።

ሦስተኛውን ገቢር ቢገለብጡልን ውለታዎን አልረሳም። ደግሞ እባክዎ እኔን አንቱ አይበሉኝ። በዕድሜ ከጽጌ አንሳለሁ።

ታምራት



ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለታምራት

እንደምን ከርመሃል? አንተ በይኝ ስላልከኝ ብያለሁ። መጀመሪያ ግን እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር፤ በእኛ አገር መምህርን አንተ ማለት የለም።

ዛሬ የግንቦት ሃያ በዓል ነውና ትምህርት ስለሌለ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ሦስተኛው ገቢር ከዚህ ጋር ተያይዟል። ስምንት ገጽ ነው፤ ስድስት ቀን ፈጅቶብኛል። ፊደሌ ባያምርም አንዲት ቃል አልዘለልኩም። የጽጌ ጽሑፍ «ነጎድጓድ» የሚልበት ቦታ ሁሉ እኔም «ነጎድጓድ» ብያለሁ።

ስገለብጥ የሆንኩትን ልንገርህ። ምስለኔው ወረቀቱን ሲያስፈርማት እርሳሱን ወርውሬ ተነሣሁ። ያቺ ገረድ አንደበት አጥታ በእጇ መሬቱን፣ ሰማዩን፣ የልጁን ቁመት ስታሳይ «ተናገሪ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቴ ጌጤ ሰው የመጣብኝ መስሏት ሮጣ ገባች። ነገሩን ሳስረዳት እሷም ተቀመጠች፤ ሰውየው እስኪያዝ ድረስ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ሲያዝ ሁለታችንም እልል አልን። አንተ በዚህ ትስቅ ይሆናል። እኛ ግን ብዙ ክፉ ሰው ሳይያዝ ሲያረጅ ያየን ሴቶች ነን፤ ቢያንስ በወረቀት ሲያዝ እልል እንበልበት።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። ምስለኔው ከተያዘ በኋላ ሽማግሌዎቹ ልጇ መሞቱን ሊያረዷት በጠዋት ወደ እናቲቱ ቤት ይገባሉ። ከዚያ ገጹ ባዶ ነው። ከባዶው ላይ በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፤ «እናትየዋ ምን ታደርጋለች? እማዬን በፋሲካ ልጠይቃት።»

ገጹን እንደ ባዶነቱ ልኬልሃለሁ። ቀጥሎ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁና ከአሁኑ ልመልስልህ። ይህ ጥያቄ የተጻፈው ለእኔ ነው። የጠየቀችኝ ልጄ ናት። ለአንተም፣ ለኮሚቴውም፣ ለአሥራ አንዱ ተማሪዎችም የመመለስ ዕዳ የለብኝም። መልሱን አውቀዋለሁ። ግን አልሰጥም።

ፈንታነሽ



ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለታምራት

ባዶውን ገጽ አንተ ሞልተህ የላክልኝን አነበብኩት። ሽማግሌው «ልጅሽ ሞቷል» ይላታል። ሴትየዋ ወንበሩን ትይዛለች። «ገባኝ» ትላለች። መብራት ይጠፋል።

ማን ናት ይህቺ ሴት? ለሥራ ጉዳይ መጥታ ኃላፊው የለም የተባለች ናት እንዴ?

አልመልስም ብዬህ ነበር። ነገር ግን ልጄ በ«ገባኝ» ከምትቀበር፣ ልመልስልህ። ደግሞ በደብዳቤህ መጨረሻ «እናንተ አገር መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው?» ብለህ ጠይቀሃል። ይህን የምትጠይቀው የከተማ ልጅ ስለሆንክ ነው፤ ያን የመጋቢቱን ደብዳቤ የጻፍክልኝም ስለማታውቅ ነው። አሁን ቁጭ ብለህ አንብብ።

በእኛ አገር ሰው ዘመዱ ሩቅ ሲሞትበት ወዲያው አይነገረውም። ሽማግሌ ተሰብስቦ ቀን ይመርጣል። እስከዚያ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አውቆ እንዳላወቀ ይሆናል። ቀኑ ሲደርስ ጎሕ ሲቀድ አብረው መጥተው ያረዱታል፤ ብቻውን እንዳይሰማ፣ ሲወድቅ የሚይዘው እንዲያገኝ ነው። ወንድሜ እሸቴ ጽጌን ከቀበረ በኋላ ለዕድራችን ዳኛ ለአቶ ማሩ ስልክ ደወለ። ጾም ነበር። ሽማግሌዎቹ ተማክረው «ፋሲካን ትዋል፤ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት እናረዳታለን» ብለው ቆረጡ። ጎረቤቱን አስጠነቀቁ። የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር አስጠነቀቁ። ባለሱቁን ከማልን ሳይቀር ቤቱ ሄደው አስጠነቀቁ። ፖስታ ቤቱን ረሱት። እኔ ማንበብ መቻሌንም ረሱት።

ሚያዝያ 3 ቀን ደብዳቤህን ተቀበልኩ። የዩኒቨርሲቲው ማኅተም ስላለበት ከጽጌ መሰለኝ። በተማሪዎች የዕረፍት ሰዓት ደወሉ ሥር ቆሜ ከፈትኩት። እኔ ሳነብ ፊደል በፊደል ነው። «በልጅዎ» የሚለውን አነበብኩ፤ ደስ አለኝ፣ ስለ ልጄ ነው። «በመምህርት ጽጌ» አነበብኩ። «ድንገተኛ» የሚለው ረጅም ቃል ነውና አስቸገረኝ፤ እንደገና ጀመርኩት። የሚቀጥለው ቃል አጭር ነበረ።

ሰዓቴን አየሁ። ዕረፍቱ አልቋል። ደወሉን ደወልኩ።

መርዶ ነጋሪዬ አንተ ነህ ታምራት። ልወቅስህ አይደለም የጻፍኩት፤ መልሱ ያለ እሱ ስለማይሟላ ነው።

ለምን ያኔውኑ አልጮህኩም? ልጮህ ነበር። ወደ ቤቴ ስሄድ አቶ ማሩ መንገድ ላይ አገኙኝ። «እንዴት ዋልሽ ፈንታነሽ? ልጅቷ ደህና ናት?» አሉኝ። ዓይናቸው ከኔ ሸሽቶ በሬ ሲያይ፣ ዛፍ ሲያይ ተመለከትኩ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለእኔ ብለው ተሸክመውታል። እዚያው ብጮህ የሰባ ዓመት ሰው መሐል መንገድ ላይ ምን ይሆናሉ?

«ደህና ናት፤ ለፋሲካ ትመጣለች» አልኳቸው።

ሃያ አራት ቀን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደወል ደወልኩ። ቅዳሜ ገበያ ሄድኩ። ለፋሲካ ዶሮ ሠርቼ ሁሉንም ጠራኋቸው። ጌጤ ከመጠን በላይ እየሳቀች ትበላና ደጅ ወጥታ ዓይኗን አብሳ ትመለሳለች። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ሽንኩርቱ» ትለኛለች፤ ሽንኩርቱ ግን ከበሰለ ውሎ አድሯል። እነሱ እኔን ይጠብቃሉ፣ እኔ እነሱን። ማታ ማታ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ነጠላዬን ነክሼ እተኛለሁ።

ሚያዝያ 27 ጎሕ ሲቀድ መጡ። ቤቱን ጠርጌ፣ ተነሥቼ እጠብቃቸው ነበር። ሐሳቤ እንዳልሰማ ሆኜ ልጮህላቸው ነበር፤ ያን ያህል ቀን የደከሙልኝን ሰዎች ላሳፍር አልፈለግሁም። አቶ ማሩ «ፈንታነሽ፣ እንግዲህ ጽኚ» አሉ። እኔም የውሸቱን ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

የውሸቱ አልመጣም። ለይስሙላ የከፈትኩት በር ነበርና የታጎረው ሁሉ በዚያ ወጣ። ሦስት ሴቶች ሊይዙኝ አልቻሉም። የምሰሶውን ጭቃ በጥፍሬ ፍቄዋለሁ፤ ምልክቱ አሁንም አለ። እርሜን ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው።

ጽጌ ለጠየቀችኝ መልሱ ይህ ነው። እናትየዋ ታውቃለች። አውቃ ታስተናግዳቸዋለች። ሲነግሯት የማስመሰል ጩኸት ትጀምራለች፤ ከዚያ ጩኸቱ እሷን ይዟት ይሄዳል። እንዲህ አድርገህ ጻፈው።

ፈንታነሽ



አዲስ አበባ፣ ሰኔ 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእናቴ ወይዘሮ ፈንታነሽ

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ያደረግሁትን አላውቅም ነበር። አለማወቄ ይቅርታ እንደማይሆን ግን አውቃለሁ። ያን ወረቀት ስጽፍ ቢሮዬ ውስጥ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሻይ አልጠጣሁም። ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎን ለተማሪዎቹ አነበብኩላቸው። ማሲንቆ የሚመታው ልጅ ማሲንቆውን መሬት አስቀመጠው።

አንድ ሐሳብ አለኝ፤ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። «ደህና ናት፤ ለፋሲካ ትመጣለች» የሚለው ላይ ጨዋታው ቢያበቃስ? በተውኔቱ ውስጥ ልጁ ወንድ ስለሆነ «ደህና ነው» ትላለች፤ መብራት ይጠፋል። ከዚህ የበለጠ ጥበብ እኔ አላውቅም። ጩኸቱ ከተጨመረበት ግን ከልክ ያልፋል። የዛሬ ተመልካች ይስቃል፤ የእርስዎ ሐዘን እንዲሳቅበት አልፈልግም።

ይህም ቢሆን የሚሆን አይመስልም። ኮሚቴው አዳራሹን ለሌላ ዝግጅት ሰጥቶታል። ፈተናው ለሰኔ 23 ተቆርጧል። ጥያቄዎቹን እንዳወጣ ታዝዣለሁ።

ታምራት



ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 15 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለታምራት

ይቅርታህን ተቀብያለሁ። ደግመህ አትጠይቀኝ፤ ሻይህንም ጠጣ።

ሐሳብህን ግን አልተቀበልኩም።

ዝምታዬን ወደድከው። ዝምታዬን የተማረ ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ማንንም አያስቸግርም። ጩኸቴን ደግሞ ከልክ አለፈ ትለኛለህ። ልኩን ማን ለካው? በምን ቁና? ሃያ አራት ቀን የቻልኩት ለሰዎቹ ስል ነው፤ የጮህኩት ግን ለልጄ ነው። ለሰው ያደረግሁትን ይዘህ ለልጄ ያደረግሁትን ልትጥል ነው። እንዲህ ከሆነ ገጹን ባዶውን መልስልኝ።

ይስቃሉ ትላለህ። ይሳቁ። በእኔም ለቅሶ ላይ የሳቀ ሰው ነበር። የከማል እህት ነጅሚያ ስትደነግጥ ሳቅ ይይዛታል። አፏን በሻሿ አፍና ስትስቅ፣ ስትስቅ፣ በመጨረሻ ከሁላችን በላይ ያለቀሰችው እሷ ናት። ሳቅ የሚያስፈራህ ለቅሶ ቤት ገብተህ ስለማታውቅ ነው። ልጄ ሰው ሲያለቅስ ለምን መስኮት ታያለህ ያለችህ እውነቷን ነው።

አሁን ስለ አዳራሹ። «ከለከሉን» ብለህ እጅህን አጣጥፈህ ተቀምጠሃል። እኛ ትምህርት ቤት አዳራሽ አለ። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ወንበሩ አይበቃም፤ መድረኩ ግን ደህና ነው። ቁልፉ ያለው የእኔ መቀነት ላይ ነው። ዳይሬክተሩን ጠይቄ ፈቅዶልኛል። አሥራ አንዱንም ይዘህ ና። ሴቶቹ እኔና ጌጤ ጋ ያድራሉ፤ ለወንዶቹ ዕድሩ ድንኳን ይሰጣል። ይህንን ማን ፈቀደልሽ በለኝ።

ጨዋታው እዚህ ከታየ ሰፈሩ ማወቄን ይሰማል። ከመድረክ ሰምተው ከሚያፍሩ ከኔ ይስሙ ብዬ ትናንት አቶ ማሩን ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው።

«እያወቅሽ?» አሉኝ።

«እያወቅሁ።»

«ፋሲካ ዕለት ዶሮ ስታበይን እያወቅሽ?»

«ጨው የበዛበት በምን ይመስልዎታል?»

«እኔማ እጅሽ የተበላሸ መስሎኝ ለሚስቴ ሁሉ ነግሬ ነበር!» አሉና ከመደቡ ተነሡ። «አንቺ ሴትዮ፣ እኛን ሽማግሌዎቹን አሞኘሽን!»

«እናንተስ ሃያ አራት ቀን ምን ስታደርጉኝ ነበር?»

ዱላቸውን መሬት ላይ ሲያሽከረክሩ ቆዩ። «እና ይህን ገመናችንን ባደባባይ ልታሳዪብን ነው?» አሉ።

«ገመና አይደለም አያ ማሩ። ደግነታችሁን ነው። ልጄም የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው።»

«እኔ እምቢ ብልስ? የዕድሩ ዳኛ እኔ ነኝ።»

«ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

ወደ በሩ ስወጣ ጠሩኝ። «እኔን የሚሆነው ማን ነው?» አሉ።

«አንድ የደሴ ልጅ ነው አሉኝ።»

«መልኩ እንዴት ነው?»

እንግዲህ አቶ ማሩም ፈቅደዋል ማለት ነው። አንተ ምን ቀረህ? ኮሚቴ ፊት እጅህን አንዴ አውጥተሃል። ያንኑ እጅህን አሁን አውርደው።

ፈንታነሽ



ቴሌግራም
ሰኔ 23 ቀን 1995

ፈተናውን ዛሬ አልሰጠሁም። ዓርብ እንገባለን። አሥራ አንዱም። ጩኸቱም አብሮን አለ። ታምራት



ደብረ ታቦር፣ ሐምሌ 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለታምራት

በሰላም መግባታችሁን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ደጀን ላይ ጎማ ፈንድቶ ማደራችሁን ግን ጌጤ «ትሳቀቃለች» ብላ ልትደብቀኝ ነበር። ከእንግዲህ ከኔ ምንም እንዳይደበቅ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ።

ኮሚቴው የመድረኩን ነጥብ «ከሁለት ዳኛ ከመጣ እንመለከተዋለን» ማለቱን ጽፈህልኛል። ሁለተኛዋ ዳኛ እንድሆን ጠይቀኸኛል። ስድስተኛ ክፍል መሆኔን ነግረሃቸዋል? ካልነገርክ ንገራቸው። ከዚያ ይህን ስጣቸው። ሁሉም ከአርባ ነው። አንድ ሳምንት አስቤበታለሁ፤ ለማንም አላደላሁም።

ምስለኔውን የሆነው ልጅ፣ ሠላሳ ሰባት። ሰው ሁሉ ጠልቶታል። ከማል ከሱቁ ድንች ይዞ መምጣቱን ያየሁት ሊወረውር እጁን ሲያነሣ ነው። ሦስቱን የቀነስኩት ከጨዋታው በኋላ ለከማል «እኔኮ ጥሩ ሰው ነኝ» እያለ ሲያስረዳ ስላየሁት ነው። ለምን ያስረዳል? ይጥሉት።

ገረዷን የሆነችው፣ ሠላሳ ዘጠኝ። አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ሁሉን ነገረችን። አንዷ ነጥብ የጎደለችው መድረኩ ጥግ ላይ አስነጥሷት «ይቅርታ» ስላለች ነው።

ማሲንቆ የመታው፣ ሠላሳ። ዘይነብ ስትጮህ ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ተነሥተው ሙሾ ሲቀበሏት ደንግጦ አቆመ። ለምን ያቆማል? ሴቶቹ መድረኩ ላይ ወጥተው ዙሪያዋን እንደ ለቅሶ ቤት የተቀመጡት ጨዋታውን ሊያበላሹ አይደለም። አልቃሽ ካለ ተቀባይ ይኖራል፤ ብቻዋን አትተዋትም። አንተ «ጨዋታው ተቋረጠ» ብለህ በኮሚቴው ወረቀት ላይ እንዳትጽፍ። የተቋረጠ ነገር የለም። ዝናቡም በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቀጥሎ ነበር፤ እሱ የሚገባው አርባ ነው፣ ግን አልተመዘገበም።

አቶ ማሩን የሆነው የደሴው ልጅ፣ ሃያ ስምንት። አዝናለሁ። ገና ሳይነግራት ዕንባው መጣ። አቶ ማሩ ከመሐል ተነሥተው «መርዶ ነጋሪ ቀድሞ አያለቅስም! ማን ይይዛታል ታዲያ!» ብለው የጮኹበት ልክ ነው። ልጁ ግን ዕንባውን ጠርጎ ከመጀመሪያው ስለደገመው አምስት ጨምሬለታለሁ። ሠላሳ ሦስት በል።

የሌሎቹን ስድስት በጀርባው ላይ ጽፌዋለሁ፤ ምክንያቱም አለ።

«ትምህርቱ ከመርሐ ግብር ይውጣ የሚሉ አሁንም አሉ፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» ብለሃል። እምቢ አለች በላቸው። ለምን ካሉህ፣ የጽሑፍ ፈተናችሁን ይዛችሁ ደብረ ታቦር ኑና አቶ ማሩን ፈትኑ፣ ከዚያ እንነጋገራለን ብላለች በል። አንተስ? በጩኸቱ ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመህ አይቼሃለሁ። እዚያ መስኮት አለ። ጀርባህን ሰጥተኸው ነበር። ለአንተ ነጥብ ስጪ አልተባልኩም እንጂ እሰጥህ ነበር።

የቀረችው ዘይነብ ናት። የመጨረሻ ያደረግኋት ስለከበደኝ ነው። ያን ጩኸት ስትጀምር የውሸት ነበር፤ አየሁት፤ እንዲህ መሆን አለበት። መሐል ላይ ሲይዛት ደግሞ አየሁ። ጌጤ እጄን ይዛ «ፈንታነሽ እንውጣ?» ብላኝ ነበር። አልወጣሁም። እስከ መጨረሻው ቀጥ ብዬ ተመልክቻለሁ፤ እኔ እንዴት እንደሆንኩ አላየሁትም ነበርና።

ለእሷ ሠላሳ ስምንት። አርባ ልሰጣት እርሳሱን ይዤ ቆይቼ ነበር። ሁለቱን የቀነስኩት ከመጨረሻው በኋላ ነው። ሰዉ ቆሞ ሲያጨበጭብ እጅ ስትነሣ ፈገግ አለች። ንገራትና ሁለተኛ አታድርገው። ልጇ የሞተው ገና ዛሬ ጠዋት ነው።

ፈንታነሽ
ሁለተኛ ዳኛ